ከሳሎን እስከ ሰርቪስ፦ ዋይፋይን ለመላው ግቢ ማዳረስ

ደሴ ላይ ቤት የሚሠራው ተዳፋት ተቆርጦ ነው። ዋናው ቤት ከላይ፣ ሰርቪሱ ደግሞ ከድጋፍ ግንቡ ሥር ሁለት ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይሰካል፤ ሰርቪስ ያለው ተከራይ ወይም የሚያጠናው ልጅ ስልክ ላይ ግን አንዲት ሰረዝ ብቻ ትታያለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ መሬቱ ለጥ ይላል፤ እዚያ ደግሞ ሥራውን የሚያበላሸው የጂ ፕላስ ዋኑ ሶሌታ ነው።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ገበያ ወጥቶ ሪፒተር ይገዛል። ሲግናሉ ፈጽሞ በማይደርስበት ክፍል ይሰካዋል፣ ሰረዞቹ ይሞላሉ፣ ኢንተርኔቱ ግን እንደነበረው ይቀራል። ሪፒተር የደረሰውን ያስተላልፋል እንጂ ያልደረሰውን አይፈጥርም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መለካት፣ ያለውን ዕቃ ማዘዋወርና ማስተካከል፣ ካልበቃ ገመድ መዘርጋት። ሪፒተር የሚመጣው ገመድ መዘርጋት በማይቻልበት ቤት ብቻ ነው።

ችግሩ የመስመሩ ነው ወይስ የዋይፋዩ?

ላፕቶፕ በላን ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ያገናኙ። የሌሎቹን ስልኮች ሁሉ ዋይፋይ አጥፍተው ፍጥነቱን ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ላፕቶፕ ከሌለ ከራውተሩ 2 ሜትር ርቀው በ5 ጊጋኸርዝ (ራውተሩ ከሚረጫቸው ሁለት ሞገዶች ፈጣኑ፤ ሌላው 2.4 ነው) በስልክ ይለኩ። ውጤቱ ከከፈሉበት ፓኬጅ ጋር ከተቀራረበ መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ ነው። በገመድም ቀርፋፋ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ አይጠቅምም፤ የሚደወለው ለአቅራቢው ነው፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994።

ከመደወልዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩ። ፋይበር ከሆነ በሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፤ ቀጭኑ ገመድ ከቡፌ ጀርባ ተጣጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ፋይበር ከ3 ሳንቲሜትር ባነሰ ክብ መታጠፍ የለበትም። ጫፉን ነቅለው በዓይን ወደ ውስጥ አይመልከቱ፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል። በስልክ መስመር የሚመጣ ኤዲኤስኤል ከሆነ ደግሞ በራውተሩ ገጽ ላይ (አከፋፈቱ «ሴቲንግ ውስጥ» በሚለው ክፍል አለ) የሲግናልና የጫጫታ ልዩነት (ኤስኤንአር ማርጂን) የሚለውን ቁጥር ያንብቡ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ሲሆን መስመሩ እየተቆረጠ ይቀጥላል። ክረምት ላይ ብቻ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬው በቴፕ ብቻ በተጠቀለለው የሽቦ መጋጠሚያ ላይ ይሁን። ውሃ ገብቶበታል።

ሲም የሚገባበት ራውተር ላላቸው ነገሩ ሁለት ነው፤ ከማማው የሚመጣውና ለቤቱ የሚታደለው ሲግናል ይለያያሉ። በራውተሩ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ የሚለው፣ ከማማው የሚመጣውን ሲግናል ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር -90 ወይም ከዚያ የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ -110 ሲጠጋ አይረባም። ተራራ በከበበው ከተማ ራውተሩን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ማዞር ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ማማው በሚታይበት መስኮት ላይ ያስቀምጡትና ወደ ቤቱ መሃል የሚገባውን በላን ገመድ ያስገቡ።

ግቢውን መለካት

አንድ ወረቀት ላይ የግቢውን ንድፍ ይሣሉ፤ ምህንድስና አይጠይቅም፣ ክፍሎቹና ግድግዳዎቹ ይታዩ እንጂ። የእያንዳንዱ ግድግዳ ሥሪት ይጻፍበት፦ ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ቺፕውድ፣ ቆርቆሮ። ከዚያ አንድሮይድ ስልክ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል መተግበሪያ ይጫኑ። አይፎን ላለው ኤርፖርት ዩቲሊቲ ውስጥ ዋይፋይ ስካነሩን ከሴቲንግ ማብራት ይቻላል።

ሰው በተለምዶ በሚቀመጥበት ቦታ ይቁሙ፤ አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ጋ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ። በሩን ይዝጉ። ስልኩን ደረት ላይ ይዘው 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቁና ቁጥሩን ይጻፉ፤ የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርዙ ለየብቻ። ቁጥሩ በዲቢኤም የሚነበብ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ የቀረበው ይበልጣል። -50 እጅግ ጥሩ ነው። -67 ለቪዲዮ ጥሪ ይበቃል። -75 ላይ ቴሌግራም ይሠራል፣ ቪዲዮ ይቆራረጣል። ከ-80 በታች ስልኩ ተገናኝቻለሁ ቢልም እንዳልተገናኘ ይቁጠሩት። 3 ዴሲቤል ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ ወርዷል፤ 10 ሲቀንስ አንድ አሥረኛ ብቻ ቀርቷል።

ቺፕውድና ጂፕሰም ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳሉ። የተለሰነ ብሎኬት ከ5 እስከ 10፣ ፌሮ ያለበት ሶሌታ ከ15 እስከ 20 እና ከዚያም በላይ ይበላል። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድሮ ድንጋይ ግንብ ከሶሌታ አይሻልም። የጭቃ ግድግዳ ደረቅ ሲሆን ብዙ አያስቸግርም፤ ክረምት እርጥበት ሲይዝ ግን ይከብዳል። ቆርቆሮና ላሜራ ያለ ምንም ድርድር ይመልሳሉ። ይህን ልብ ይበሉ፤ የላሜራ በር ከተዘጋ ሲግናሉ የሚገባው በመስታወቱ በኩል ብቻ ነው፤ መስኮቱም የላሜራ ከሆነ ክፍሉ ጣሳ ሆነ ማለት ነው። «ቀን ይሠራል፣ ማታ አይሠራም» የሚባለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ማታ በሩ መዘጋቱ ነው።

ብር የማያስወጣው ሥራ

ራውተሩ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጎን ወይም ከትልቅ መስታወት ፊት ያለ እንደሆነ ያውጡት። የመስታወት ጀርባ የብረት ቅብ ነው። የውሃ ታንከርም የ2.4 ጊጋኸርዝን ሞገድ ይመጥጣል፤ በራውተሩና በሰርቪሱ መሃል ከቆመ ግድግዳ ማለት ነው። ቦታው ከወለል 1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ክፍት፣ ለቤቱ መሃል የቀረበ ይሁን።

ኮርኒስ ላይ አያስቀምጡት። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ ራውተሩ ሙቀት እየመታው ይዘጋል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ተዳፋት ላይ ላለ ግቢ አንድ ብልሃት አለ። ሲግናል የድጋፍ ግንቡንና ከኋላው ያለውን አፈር ሰንጥቆ ሰርቪስ አይደርስም፤ ሊደርስ የሚችለው ከላይ በአየር ላይ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ነው። ስለዚህ ራውተሩን ወደ ሰርቪሱ በሚያሳይ የዋናው ቤት መስኮት አጠገብ ማድረግ ከቤቱ መሃል ሊሻል ይችላል። የመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ክፍተቱ ሰፋ ያለ ከሆነ ብዙም አይከለክልም።

የዱላ አንቴና ሞገዱን የሚረጨው ወደ ጫፉ ሳይሆን ወደ ጎኑ ነው። ጎማ መሬት ላይ ተኝቶ፣ እንጨት መሃሉ ላይ ቢተከል ዱላው አንቴናው፣ ጎማው ሲግናሉ ነው። ሁሉም ቀጥ ብለው ከቆሙ ያለው በአንድ ወለል ላይ ይሰራጫል። ፎቅ ወይም ዝቅ ያለ ሰርቪስ ካለ አንዱን አንቴና አጋድሙት፣ ሌላው ይቁም። ከአንቴናው ኋላ የተቀደደ የቢራ ቆርቆሮ ማቆም አንዳንዴ ይሠራል፤ ግን ለአንዱ ክፍል የሰጠውን ከሌላው ነጥቆ ነው።

ቴክኒሻኑ ፋይበሩን የጨረሰበት ቦታ መጥፎ ከሆነ ፋይበሩን ራስዎ አይጎትቱ። ከሳጥኑ የላን ገመድ አውጥተው ሌላ ራውተር ተስማሚ ቦታ ላይ መትከል ይቀላል፤ አሠራሩ ከታች አለ።

ሴቲንግ ውስጥ

ከራውተሩ ሥር ያለውን ስቲከር አንብበው በአሳሽ ገጽ ላይ አድራሻውን ያስገቡ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የቻናል ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉ። 40 የሚለው በወረቀት ላይ ፈጣን ነው፤ ጎረቤት ባለበት ግን የሁሉንም ጫጫታ ይሰበስባል። ቻናሉ 1፣ 6 ወይም 11 ብቻ ይሁን፤ እርስ በእርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። አናላይዘሩ ላይ ጎረቤቶቹ 1 እና 6 ላይ ከተጨናነቁ 11ን ይያዙ። «ማንም የለበትም» ብሎ 3 ወይም 4 የሚመርጥ ሰው ከሁለቱም ወገን ይጋጫል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ለሚኖር 2.4ን ለሩቅና ለርካሽ ዕቃዎች ትቶ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዞር የተሻለ ነው፤ 5ቱ ግድግዳ ላይ ይደክማል፣ የጎረቤቱም እንዲሁ ስለሚደክም ግን ጸጥ ያለ ነው።

የራውተሩን ኃይል ከፍተኛ ላይ ማድረግ የሚፈለገውን አያመጣም። ከአንዱ ኮረብታ በድምፅ ማጉያ የሚጣራ ሰው ማዶ ላለው ይሰማል፤ ማዶ ያለው ግን በባዶ አፉ ሲመልስ አይሰማም። ስልክ የሚመልሰው በራሱ ደካማ ኃይል ነው። ሰረዞቹ ሞልተው ምንም የማይከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

ደብሊውፒኤስ የሚለውን (ያለ ይለፍ ቃል በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን) ያጥፉ። የደኅንነት ዓይነቱ ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ይሁን። ግቢው ውስጥ ተከራይ ካለ የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻ ይክፈቱ፤ ይህ ግን ለጸጥታ ነው እንጂ ፍጥነት አያድንም። በደካማ ሲግናል የሚያወርድ አንድ ሩቅ ስልክ ተራውን ረጅም ጊዜ ስለሚይዝ የሌሎቹንም ያንቀረፍፋል።

ገመድ ወደ ሰርቪስ ወይም ወደ ፎቅ

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ ሰርቪሱ ከ-75 ካልተሻለ ሞገዱን ትተው ገመድ ያስቡ። አንድ ገመድና አንድ አሮጌ ራውተር ውድ ከሚባለው ሪፒተር ይበልጣሉ። 25 ሜትር ለሚሆን ርቀት የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ለውጭ የተሠራ ጥቁር ሽፋን ያለው ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ገመድ፣ 35 ሜትር፤ መውጫና መውረጃውን፣ በየጫፉ 1.5 ሜትር ትርፉን ጨምሮ። አርጄ 45 ጫፍ (ራውተሩ ላይ የሚሰካው የገመዱ ፕላስቲክ ጫፍ)፣ 10፤ የሚያስፈልገው ሁለት ነው፣ ጀማሪ ግን ያበላሻል። 20 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ኮንዲዩት (ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ)፣ ባለ 3 ሜትሩ ከሆነ 9። ክሪምፐር (ጫፉን የሚቆነጥጠው) እና ቴስተር (ገመዱን የሚፈትሸው)፤ ከሚያውቁት ቴክኒሻን መዋስ ይቻላል። ሁለተኛ ራውተር፤ ኤዲኤስኤል በነበረበት ዘመን የቀረ አሮጌም ይሆናል።

ገመዱን ሲገዙ በምላጭ ጫፉን ይፋቁት። ውስጡ ነጣ ካለ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ይሠራል፤ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፣ እርጥበት ሲነካው ይበላል። ንጹሕ መዳብ ሲፋቅ እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ ሲመዝኑትም ይከብዳል።

ግድግዳውን በ8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ወደ ታች አዘንብለው ይብሱ፤ ዝናብ ተከትሎ እንዳይገባ። ጫፉን ከማሰርዎ በፊት ገመዱን ያሳልፉ፤ አርጄ 45ቱ በዚያ ቀዳዳ አይገባም። ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ገመዱ ወደ ታች ረገብ ብሎ ይዞር፤ ውሃው ከዚያ ጫፍ ይንጠባጠባል። በመሬት የሚቀበር ከሆነ በኮንዲዩት ውስጥ 40 ሳንቲሜትር ይውረድ። በአየር የሚያልፍ ከሆነ በራሱ ክብደት አይንጠልጠል፤ ዝገት የማይዘው ሽቦ ወጥረው ከእሱ ጋር ያስሩት። በምንም ዓይነት ከመብራት ገመድ ጋር አያስሩት፣ በአንድ ቱቦም አያሳልፉት፤ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ፣ መሻገር ካለበትም መስቀለኛ ሆኖ ይሻገር። በኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈውም ኮንዲዩት ይልበስ፤ አይጥ የላን ገመድ ትወዳለች።

ጫፉን ሲያስሩ ሽፋኑን 3 ሳንቲሜትር ያህል ይላጡና መንጠቆው ወደ ታች፣ የመዳብ ጥርሶቹ ወደ እርስዎ እንዲያዩ ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ይደርድሩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የሚሳሳቱበት ቦታ ሰማያዊው በአረንጓዴዎቹ መሃል መግባቱን መርሳት ነው። እኩል ቆርጠው 13 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የተፈታ ሽቦ ይቅር፤ የውጭው ሽፋን ራሱ በጫፉ ውስጥ ገብቶ መቆንጠጥ አለበት፤ አለዚያ ሲጎተት ይወልቃል። ሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይታሰር። ቴስተሩ ከ1 እስከ 8 በተራ ካበራ አለቀ። 4፣ 5፣ 7 ወይም 8 ካልበራ መስመሩ በ100 ሜጋቢት ይሠራል፤ ፓኬጁ ከዚያ በታች ለሆነ ሰው የሚያስጨንቅ አይደለም። ከ1፣ 2፣ 3 እና 6 አንዱ ከጠፋ ግን አይሠራም፤ ቆርጠው እንደገና ይሥሩ።

መብረቅ የሚበዛበት ክረምት ላይ በሁለት ቤቶች መሃል ያለ የመዳብ ገመድ ሁለቱንም ራውተር ሊያቃጥል ይችላል። ነጎድጓድ ሲጀምር ሁለቱንም ጫፍ መንቀል ነው። አቅም ካለ በሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የላኑን ሲግናል ወደ ብርሃን የሚቀይር ዕቃ) ፋይበር መዘርጋት ይሻላል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ሁለተኛውን ራውተር ማዘጋጀት

ገመዱን ገና ሳያገናኙ፣ ሁለተኛውን ራውተር ከላፕቶፕ ጋር ብቻ አገናኝተው እንዲህ ያድርጉ።

1. በትንሿ ቀዳዳ ያለውን የሪሴት ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱት።
2. ምናሌው ውስጥ አክሰስ ፖይንት ሞድ (ራውተሩን የዋይፋይ ማደያ ብቻ የሚያደርገው) የሚል ካለ እሱን መርጠው ወደ ቁጥር 5 ይለፉ።
3. ከሌለ የላን አድራሻውን ይቀይሩ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህኛው 192.168.1.2 ይሁን። ዋናው ራውተር ለስልኮች የሚያድለው ከ100 ወይም ከዚያ በላይ እንዲጀምር ያድርጉ፣ እንዳይጋጩ።
4. ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን፣ ያጥፉ።
5. የዋይፋዩ ስም፣ ቁልፍና የደኅንነት ዓይነት ከዋናው ጋር አንድ ይሁን፤ ቻናሉ ግን ይለይ። ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይህ 6 ወይም 11።
6. ገመዱን ከዋናው የላን ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው የላን ቀዳዳ ይሰኩ። ብዙ ጊዜ በቀለም የሚለየው ዋን የሚባለው (ኢንተርኔቱ የሚገባበት) ቀዳዳ ባዶውን ይቅር፤ አክሰስ ፖይንት ሞድ ካለው ብቻ ብዙ ጊዜ ዋን ላይ ይሰካል።

ዲኤችሲፒ ማጥፋት የተረሳ እንደሆነ አንዳንዱ ስልክ ይሠራል፣ አንዳንዱ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ ነገም ተራው ይቀያየራል። ሁለቱ ራውተሮች አድራሻ እየተሻሙ ስለሚያድሉ ነው። ዲኤችሲፒ ሳይጠፋ ዋን ላይ የተሰካ እንደሆነ ኢንተርኔቱ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ሰርቪስ ያለ ስልክ ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥንና ፕሪንተር አያገኝም። የአንዱ ገመድ ሁለቱም ጫፍ በአንድ ራውተር ላይ በስህተት ከተሰካ የሁሉም መብራት አብሮ ብልጭ ይላል፣ መላው ቤት ይቆማል።

ስልኩ ሰርቪስ ገብቶም የሳሎኑን ደካማ ሲግናል አልለቅ ካለ የዋናውን የ2.4 ጊጋኸርዝ ኃይል ወደ መካከለኛ ይቀንሱ።

ገመድ በማይቻልበት ቤት

የኪራይ ቤት ሆኖ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደ ሪፒተር ይሁን። ቦታው ሲግናሉ ገና ከ-60 እስከ -65 የሆነበት ነው፤ ከላይ በተለካው ወረቀት ላይ ይፈልጉት። በአንድ ሞገድ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ በ5 ጊጋኸርዝ ተቀብሎ በ2.4 የሚያድለውን ይምረጡ። ሜሽ የሚባለው የሁለትና ሦስት ሳጥን ስብስብ የተሻለ ነው፣ ግን እሱም በሶሌታ ተአምር አይሠራም፤ ገመድ ሲያገኝ ነው የሚፈጥነው። በመብራት መስመር የሚያስተላልፈው ዕቃ ደግሞ ሁለቱ ሶኬቶች በአንድ ቆጣሪና በአንድ ፌዝ ላይ ከሆኑ ብቻ ያስተማምናል፤ ዲቫይደር ላይ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ።

መብራትና ምጣድ

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ራውተሩ እየጠፋ ከተነሳ ጥፋቱ የዋይፋይ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ሽቦው ቀጭን ወይም መጋጠሚያው የላላ ከሆነ የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ራውተሩም ይነሳል። መጋጠሚያውን ኤሌክትሪሻን ያጥብቀው፤ ምጣዱም የራሱ መስመር ይኑረው።

ለመብራት መጥፋት ትንሿ ዩፒኤስ (ባትሪ ያላት የመብራት መጠባበቂያ) ትበቃለች። በመጀመሪያ የራውተሩን አስማሚ ያንብቡ፤ 5፣ 9 ወይም 12 ቮልት ይላል። በ9 ቮልቱ ላይ 12 የሰካ ሰው ራውተር ይገዛል። የዩፒኤሷ ካርቶን 8800 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢል በ12 ቮልት አይደለም፤ ውስጧ ያሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ስለሆኑ 32 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ 26 ይቀራል። በአንድነት 10 ዋት የሚወስዱ ዕቃዎችን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ታቆያለች። ፋይበር ያለው ቤት የፋይበሩንም ሳጥን አብሮ ይሰካ፤ ራውተሩ ብቻ ከበራ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ሰርቪስ ያለው ሁለተኛው ራውተርም የራሱን ይፈልጋል።